በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መጣጥፍ የምትሆነኝ አንዲት ቁጥር ፍለጋ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የፈለግኩት ምሥጢር አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ በዚያ አካባቢ ስንት ልጆች ትምህርታቸውን አቋርጠው ከመዝገብ እንደ ተሰረዙ ማወቅ ብቻ ነበር። ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ቆይቼ በመጨረሻ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ከተባሉ ኃላፊ ፊት ቀረብኩ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ፤ ጥያቄዬንም እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። መልሳቸው ግን ቁጥር ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ሆነ። «ለምን ፈለጉት?» አሉኝ። ምክንያቱን ላስረዳ ስጀምር፣ «እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ እኮ መሥሪያ ቤቱን ያሳጣል» ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ምን እንዳመሰገንኩ ዛሬም አይገባኝም።

በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ልጆች የአንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ሴት የሕይወት ታሪክ በእጄ ገባ። ሴትየዋ የፓርላማ አባል ነበሩ። አንድ ሚኒስትር በስብሰባ መካከል ተነሥቶ፣ እነዚህን ጥያቄዎች የሚያቀርቡት ደቡብ አፍሪካን በውጭ አገር ለማሳጣት ነው ብሎ ቢጮኽባቸው፣ «ደቡብ አፍሪካን የሚያሳጣት የእኔ ጥያቄ አይደለም፤ የእናንተ መልስ ነው» አሉት። ይህን ሳነብ የእኚያን ጨዋ ኃላፊ ቢሮ አስታወስኩ። እኔ በዚያ ቀን መናገር የነበረብኝን ቃል ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ከብዙ ዓመታት በፊት ተናግሮት ኖሯል።

ሴትየዋ ሔለን ሱዝማን ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የእርሳቸውን ገድል ለመዘርዘር አይደለም። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ብቸኛ የሕዝብ እንደራሴ፣ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር እየተሸነፈ፣ በጥያቄ ብቻ ምን ሊሠራ ይችላል? አንባቢ እንዲያውቅልኝ ያህል፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብቻ ወንበር

ወይዘሮ ሱዝማን በ1917 ከጆሐንስበርግ በስተ ምሥራቅ በምትገኝ ጀርሚስተን በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊቱዌኒያ የፈለሱ አይሁድ ነበሩ። በ19 ዓመታቸው አንድ ሐኪም አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲም የኢኮኖሚ ታሪክ አስተማሩ። ወደ ፖለቲካው የሳባቸው ስብከት ሳይሆን ሰነድ ነው። በ1940ዎቹ መንግሥት በከተማ የሚኖሩ ጥቁሮች የሚተዳደሩባቸውን ሕጎች የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ነበርና፣ ለዚህ ኮሚሽን የሚቀርብ ማስረጃ ሲያዘጋጁ የሕጎቹን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ገብተው አዩት። አንድ ሰው የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሠራ፣ ከሚስቱ ጋር መኖር ይችል እንደሆነ የሚወስነው የቆዳው ቀለምና በኪሱ የያዘው ወረቀት መሆኑን ከአንቀጽ እስከ አንቀጽ አጠኑት።

በ1953 ሀብታም ነጮች የሚኖሩባትን የጆሐንስበርግ ሰፈር ሃውተንን ወክለው፣ «የተባበረው ፓርቲ» በሚባለው ተቃዋሚ ድርጅት ስም ፓርላማ ገቡ። የዚህ ፓርቲ ተቃዋሚነት ግን ለስሙ ያህል ነበር። በ1959 ጥቂት አባላት ተገንጥለው ፕሮግሬሲቭ ፓርቲን መሠረቱ፤ ወይዘሮ ሱዝማንም አብረው ወጡ። በ1961 በተደረገው ምርጫ የአዲሱ ፓርቲ ጓደኞቻቸው በሙሉ ሲሸነፉ፣ እርሳቸው በ564 ድምፅ ብልጫ ብቻ ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ በኋላ እስከ 1974 ድረስ ለ13 ዓመታት ወደ 160 አባላት በነበሩት ምክር ቤት ውስጥ የፓርቲያቸው ብቸኛ ተወካይ ሆነው ተቀመጡ። ከእነዚህም ዓመታት በከፊሉ በምክር ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም።

ብቸኝነቱ ምን እንደሚመስል በግልጽ የታየው በ1963 ነው። መንግሥት ማንኛውንም ሰው ያለ ክስና ያለ ጠበቃ 90 ቀን ማሰር የሚያስችል ሕግ አቀረበ። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ሌላ ዘጠና መጨመር ይቻል ነበር። የተባበረው ፓርቲ ከመንግሥት ጋር ወገነ። ወይዘሮ ሱዝማን ድምፅ ተለይቶ እንዲቆጠር ጠየቁ። በዚያ ምክር ቤት ደንብ ደጋፊና ተቃዋሚ ከየተቀመጠበት ተነሥቶ ለየብቻ ይቆማልና፣ መላው ምክር ቤት ወደ አንድ ወገን ሲሻገር በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል አንዲት ሴት ብቻ ቀሩ።

ሕጉ ጸደቀ። እንግዲህ በድምፅ ቆጠራ ብቻ የሚመዝን ሰው ካለ፣ የእኚህ ሴት ታሪክ እዚህ ላይ አለቀ ሊል ይችላል። እርሳቸው ግን በድምፅ ማሸነፍ እንደማይችሉ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ የተማመኑት በሌላ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው

ሚኒስትርን በምክር ቤት ቆሞ መጠየቅ ከእንግሊዝ ፓርላማ የመጣ ልማድ ነው። በዚያ አገር ተመዝግቦ የሚገኘው የመጀመሪያ ጥያቄ የቀረበው በ1721 በመኳንንቱ ምክር ቤት ሲሆን፣ ስለ አንድ ገንዘብ ያዥ ነበር። የሳውዝ ሲ ኩባንያ ዋና ገንዘብ ያዥ ኩባንያው ሲንኮታኮት ከአገር ጠፋ፤ አንድ መስፍንም ብድግ ብለው ሰውየው ተይዟል የሚባለው እውነት ነው ወይ ሲሉ መንግሥትን ጠየቁ። ነገሩ ይኸው ነው። ጥያቄው ሕግ አላወጣም፤ ማንንም ከሥልጣን አላወረደም። ነገር ግን መንግሥት አፉን ከፍቶ እንዲናገር፣ የተናገረውም እንዲጻፍ አደረገ።

የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ የነጮች ብቻ ቢሆንም ይህን የእንግሊዝ ልማድ ወርሶ ነበር። አባሉ ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባል፤ ጥያቄው ታትሞ ይወጣል፤ ሚኒስትሩ በቃል ወይም በጽሑፍ ይመልሳል፤ መልሱም ሐንሳርድ በሚባለው የፓርላማው ቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ሚኒስትሩ ለሕዝብ ጥቅም አይበጅም ብሎ አልመልስም ማለት ይችላል፤ እምቢታውም ግን ይጻፋል።

ወይዘሮ ሱዝማን የፓርቲያቸው ብቸኛ ሰው በመሆናቸው እንደ ሌሎቹ እንደራሴዎች በአንድ ዘርፍ ተወስነው መሥራት አልቻሉም። የፍትሕ ሚኒስትሩንም፣ የፖሊስ ሚኒስትሩንም፣ የትምህርቱንም፣ የሥራውንም፣ የጤናውንም፣ «የባንቱ አስተዳደር» የሚባለውንም የሚጠይቁት እርሳቸው ናቸው። በአንድ የጉባኤ ዘመን ከመቶ በላይ ጥያቄ ያስገቡበት ጊዜ አለ። ባለፈው ዓመት የይለፍ ወረቀት ባለመያዝ ስንት ሰው ተከሰሰ? በዘጠና ቀኑ ሕግ ስንት ሰው ታሰረ፤ ከእነርሱስ ስንቱ ፍርድ ቤት ቀረበ? በፖሊስ እጅ ሳለ ስንት ሰው ሞተ፤ ምክንያቱስ ምን ተብሎ ተመዘገበ? ስንት ሰው በስቅላት ተቀጣ፤ ስንት ሰው ተገረፈ? ከቀያቸው የተነሡት ቤተሰቦች በተወሰዱበት ቦታ ውኃ አለ ወይ? ሐኪምስ? ለአንድ ነጭ ተማሪ ስንት ብር ይወጣል፤ ለአንድ ጥቁር ተማሪስ?

አንባቢ እንደሚያስተውለው በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ስድብ የለም፤ ንግግርም የለም። «ጨቋኞች ናችሁ» የሚል ቃል ፈጽሞ የለም። ሁሉም ስንት፣ የት፣ መቼ የሚሉ ናቸው። ኃይላቸውም እዚህ ላይ ነው። ለ«ጨቋኞች ናችሁ» ሚኒስትሩ «አይደለንም» ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። «ስንት?» ለሚለው ግን ቁጥር ማምጣት አለበት።

ቁጥሩም መጣ። የይለፍ ወረቀቱን ብቻ ብንወስድ፣ ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ መታወቂያ ደብተሩን ሁልጊዜ በኪሱ መያዝ ነበረበት፤ ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ በከተማ መቆየት አይችልም። በዚህ ሕግ በአንዳንድ ዓመታት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተከሷል። ለ365 ቀናት ሲካፈል በቀን ከ1,300 ሰው በላይ ማለት ነው። ሰውየው የሠረቀው ነገር የለም፤ የገደለውም የለም፤ ወረቀቱን ቤት ረስቶት ወይም ጭራሹን የሌለው ሆኖ ነው። በትምህርት በኩልም ለአንድ ነጭ ልጅ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ጥቁር ልጅ ከሚወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጥ ነበር። ይህን ሁሉ ያለው የመንግሥት ጠላት ቢሆን ኖሮ የጠላት ወሬ ይባል ነበር፤ የሰጠው ግን ሚኒስትሩ ራሱ ነው።

ሌላም ጥቅም ነበረው። በዚያ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ስለ ወህኒ ቤት መጻፍ ራሱ ወደ ወህኒ ሊያስወርድ ይችላል። ራንድ ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ በ1965 የእስረኞችን አያያዝ የሚገልጽ ተከታታይ ጽሑፍ ቢያወጣ፣ ዋና አዘጋጁና ጋዜጠኛው ለዓመታት በፍርድ ቤት ተንገላቱ፤ በ1969ም ተፈረደባቸው። በፓርላማ የተነገረን ቃል እንደ ተነገረ ማተም ግን አያስከስስም። ስለዚህ ጋዜጠኛው ሊጽፈው የማይደፍረውን ነገር ወይዘሮ ሱዝማን ይጠይቁታል፤ ሚኒስትሩ ይመልሳል፤ በማግስቱ ጋዜጣው ጥያቄና መልሱን ያትማል። የዘር ግንኙነት ጥናት ተቋም የሚባለው ድርጅት ደግሞ እነዚህን መልሶች እየለቀመ በየዓመቱ በሚያወጣው ጥራዝ ያስቀምጣቸው ነበር። የአፓርታይድን ሥርዐት የሚያጠና ሰው ዛሬም ቢሆን ብዙውን ቁጥር የሚያገኘው ሚኒስትሮቹ ሳይወዱ በግድ ከሰጡት መልስ ነው።

የሚኒስትሮቹ ምሬት

ባለሥልጣኖቹ ሴትየዋን እንደ ምን እንደ ጠሏቸው ከራሳቸው አንደበት የወጣው ይመሰክራል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቬርዎርድ፣ «እኔ እርስዎን ከቁጥር አስወጥቼዎታለሁ» ቢሏቸው፣ «እርስዎን ደግሞ ዓለም በሙሉ ከቁጥር አስወጥቶዎታል» ብለው መለሱላቸው። ሌላ ጊዜ ወይዘሮዋ ባለሥልጣናቱን የጥቁሮችን ሰፈር ሄደው እንዲያዩ መከሯቸው፤ ሲሄዱ ግን ማንም እንዳያውቃቸው ሰው መስለው እንዲሄዱ አሳሰቧቸው።

የእኔን ልብ የሳበው ግን የፒ ደብልዩ ቦታ አባባል ነው። በኋላ የአገሪቱ መሪ የሆኑት ሚስተር ቦታ፣ ወይዘሮዋ በንግግራቸው መካከል እየገቡ ቢያስቸግሯቸው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚንጠባጠብ ውኃ ናቸው ብለው አማረሩ። ስድብ መሆኑ ነው። የክረምት ሌሊት የሚያፈስ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ግን የዚህን ስድብ ምሥጢር ያውቃል። ጠብታ ጎርፍ አይደለም፤ ቤት አያፈርስም። ነገር ግን አያስተኛም። ጠዋት ተነሥቶ ጣሪያውን ያላየ ባለቤትም የለም።

ምሬቱ ወደ ማስፈራራት የተሸጋገረበት ጊዜም ነበር። መስከረም 6 ቀን 1966 ቬርዎርድ በዚያው በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በአንድ የፓርላማ ተላላኪ በጩቤ ተወግተው ሞቱ። አዳራሹ በተተራመሰበት ቅጽበት ያኔ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ቦታ ወደ ወይዘሮ ሱዝማን እጃቸውን እየቀሰሩ፣ ይህን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሰውን የምታነሣሡት እናንተ ናችሁ፣ አሁን ሁላችሁንም እናገኛችኋለን እያሉ ጮኹ። ወይዘሮዋ በዝምታ አላለፉትም፤ ይቅርታ እንዲጠየቁ ጠየቁ፤ ተጠየቁም። በቤታቸውም ስልክ እየደወሉ ጸያፍ ቃል የሚወረውሩ ሰዎች አላጡም። ለእነዚህ የሚሆን ፊሽካ ከስልኩ አጠገብ አስቀምጠው፣ እየነፉ ያደነቁሯቸው ነበር።

ከኮልፌ እስከ ሮበን ደሴት

ወይዘሮ ሱዝማን ከመጠየቃቸው በፊት ሄደው ያያሉ። ጥቁሮች የሰፈሩባቸውን ቦታዎችና ወህኒ ቤቶችን በእግራቸው ዞረዋል። በዚህ ጉዟቸው ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚነካካ አንድ ገጠመኝ አለ።

ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው፣ በኮልፌ የወታደርነት ትምህርት እንደ ተማሩ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ትምህርቱ ሳያልቅ ተጠርተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተያዙ። እኛ ዘንድ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆምና፣ ከ27 ዓመት በኋላ ከወህኒ ሲወጡ ይቀጥላል። በመካከሉ ስላለው ጊዜ ብዙ አናወራም።

በ1967 ወይዘሮ ሱዝማን ስንት ጊዜ ጠይቀው በመጨረሻ ተፈቀደላቸውና ሮበን ደሴት ገቡ። የወህኒ ቤቶች አዛዡ ጄኔራል አብረዋቸው ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያሉት እስረኞች ከራሳቸው ይልቅ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ማንዴላን እንዲያነጋግሩ ነገሯቸው። ማንዴላ ስማቸውን ተናግረው ከተዋወቁ በኋላ፣ ጄኔራሉ ቆመው እየሰሙ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ጋዜጣ መከልከል አንድ በአንድ አስረዱ። በክንዱ ላይ የናዚን ምልክት የተነቀሰ አንድ ዘበኛ እስረኞቹን እንዴት እንደሚያሠቃይም ተናገሩ። ወይዘሮ ሱዝማን ከደሴቱ እንደ ወጡ ጉዳዩን ለፍትሕ ሚኒስትሩ አቀረቡ። ሚኒስትሩ ነገሩ በፓርላማ ጥያቄ ሆኖ ከቀረበ ምን እንደሚያስከትል ያውቁታል። ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው ከደሴቱ ተነሣ፤ የእስረኞቹም ኑሮ በመጠኑ ተሻሻለ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ መሥራቱን ነው። ሊጠየቅ መቻሉ ብቻ በቃ።

«ምን አገባችሁ?»

በዚያው ዘመን አገራችን ራሷ ደቡብ አፍሪካን በዓለም መድረክ ስትጠይቅ ነበር። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 በሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ጉዳዩ ዛሬ ናሚቢያ የምትባለው ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ግዛቲቱን በአደራ ተቀብላ ሳለ አፓርታይድን አስፋፍታባታለችና ትጠየቅልን የሚል ነው። ክርክሩ ስድስት ዓመት ወሰደ። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፍለው፣ ፕሬዚዳንቱ በጨመሩት ወሳኝ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ አፓርታይድ ትክክል ነው አላለም፤ ስሕተት ነውም አላለም። ያለው፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም ነው። በእኛ ቋንቋ «ምን አገባችሁ?» ማለት ነው።

እኔን በመሥሪያ ቤቱ የገጠመኝም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነበር። «ለምን ፈለጉት?» የሚለው ጥያቄ ሲገለጥ «ምን አገባህ?» ነው። ጥያቄን ለመግደል መልሱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ጠያቂው መብት የለህም ከተባለ ይበቃል። ወይዘሮ ሱዝማንን ከሁለቱ መንግሥታት የሚለያቸው ብልሃታቸው ብቻ አልነበረም። የመጠየቅ መብታቸው የማይከራከሩበት መሆኑ ነው። ሚኒስትሮቹ ሊሳደቡ፣ ሊዝቱ፣ ሊያላግጡ ይችላሉ፤ «ምን አገባሽ?» ሊሉ ግን አይችሉም። የምክር ቤቱ ደንብ አፋቸውን ይዞታል።

የሚነሣ ወቀሳ

የአንድን ሰው ታሪክ ስንጽፍ ሁሉንም ማር ማድረግ አይገባም። በወይዘሮ ሱዝማን ላይ የሚነሣው ወቀሳ ቀላል አይደለም። አንደኛው፣ ጥቁር የማይመርጥበትና የማይመረጥበት ምክር ቤት ውስጥ መቀመጣቸው ለዚያ ምክር ቤት ሞገስ ሰጥቶታል የሚል ነው። መንግሥትም፣ ተቃዋሚ እንኳ በነፃነት ይናገራል እያለ ለውጭ ሰው ያሳይበት ነበር። ሁለተኛው፣ ፓርቲያቸው እስከ 1978 ድረስ የመምረጥ መብት ለሁሉም ሳይሆን ትምህርት ወይም ንብረት ላለው ይሰጥ ይል እንደ ነበር ነው። ሦስተኛው፣ በደቡብ አፍሪካ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ መጣሉን እስከ መጨረሻው መቃወማቸው ነው። ድሃው ጥቁር ሠራተኛ ይጎዳል የሚል ነበር ምክንያታቸው፤ በስደትና በእስር የነበሩት ታጋዮች ግን ይህን አልተቀበሉትም።

እነዚህን ወቀሳዎች ልክ ናቸው ብዬ እቀበላለሁ። አፓርታይድን የጣለው የፓርላማ ጥያቄ አይደለም፤ በሻርፕቪልና በሶዌቶ የወደቁት፣ በፋብሪካ ሥራ ያቆሙት፣ በደሴት ላይ ድንጋይ የፈለጡት ናቸው። ነገር ግን ሌላውንም ወገን ማየት ያስፈልጋል። ወይዘሮ ሱዝማን በ1961 ተስፋ ቆርጠው ወንበሩን ቢተዉት፣ ምክር ቤቱ ይዘጋ ነበር ወይ? አይዘጋም። ያለ ጠያቂ ይቀጥል ነበር እንጂ። ሮበርት ሶቡክዌ የሦስት ዓመት ፍርዳቸውን በ1963 ጨርሰው ሳለ፣ ለእርሳቸው ብቻ በወጣ አንቀጽ እስከ 1969 በሮበን ደሴት ሲታገዱ፣ አንቀጹ በየዓመቱ ለመታደስ ሲመጣ በየዓመቱ የሚቃወም ሰው አይኖርም ነበር። የኖቤል ተሸላሚው አልበርት ሉቱሊ በ1963 የምስጋና ደብዳቤ የጻፉላቸውም፣ ውጤት አምጥተዋል ብለው ሳይሆን ብቻቸውን በመቆማቸው ነው።

ለ36 ዓመታት በምክር ቤቱ ቆይተው በ1989 ሲሰናበቱ ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። የይለፍ ወረቀት ሕግ የተሻረው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማን ይመስሉናል? ስለ ቆርቆሮው ጠብታ ያማረሩት ሚስተር ቦታ። ሕጉን ያሻረው ጠብታው ብቻ ነው አልልም። ኢኮኖሚው፣ ዓመፁና የዓለም ጫና ነበሩበት። ይሁን እንጂ ሕጉ ሲሻር ማንም ሰው «ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱን አላወቅንም ነበር» ማለት አልቻለም፤ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት በራሳቸው ሚኒስትሮች አንደበት ተመዝግቦ ይገኛልና።

በ1996 ማንዴላ አዲሱን ሕገ መንግሥት በሻርፕቪል ሲፈርሙ ወይዘሮ ሱዝማን አጠገባቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ወዳጆቻቸው ሥልጣን ያዙ ብለው አፋቸውን አልዘጉም፤ አዲሱንም መንግሥት ሲተቹ ኖረው በ2009 በተወለዱ በ91 ዓመታቸው አረፉ።

ተጠየቅ

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። መጠየቅ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዐታችን በላ ልበልሃ ተባብሎ የቆመ ሰው ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ብሎ ይይዘው ነበር። የተያዘ ይመልሳል፤ ዳኛው መንገደኛ ቢሆን እንኳ ይሰማል፤ ታዳሚው ይፈርዳል። መልስ ያጣ ሰው ኀፍረቱ ከመረታቱ ይብስ ነበር።

በጽሑፍም ቢሆን አላጣነውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከጠየቀ ሚኒስትሮች ቀርበው ስለሚወጣው ሕግ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ እንዲሰጡ ያስገድድ ነበር። ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ በመሆኑ ከዚያ በላይ መሄድ አይቻልም። ይሁንና ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ምክር ቤቱ ሲገቡ፣ የመጠየቁ በር ጠባብ ቢሆንም ነበረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። የእኛ በር ከወይዘሮ ሱዝማን በር የሰፋ እንጂ የጠበበ አይደለም።

ስለዚህ የሚጎድለን አንቀጽ አይመስለኝም። ወይዘሮዋ ከአንቀጹ በተጨማሪ ሦስት ነገሮች ነበሯቸው። ሄደው አይተው ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ ሊያታልላቸው አይችልም። «ምን እየተደረገ ነው?» ብለው ሳይሆን «ስንት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ ለአንድ ሰዓት ንግግር አድርጎ ሊያመልጥ አይችልም። ዘንድሮ የጠየቁትን ለከርሞም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ መልሶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። ይህን ለማድረግ የፓርቲ ብዛት አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ይበቃል። ይህ ለእንደራሴ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ለወላጅ ኮሚቴም፣ ለዕድር ሰብሳቢም፣ ለጋዜጠኛም ይሠራል።

ለጋዜጠኛ ካልኩ ዘንድ የራሴን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። መጽሐፉን እንደ ጨረስኩ ያችን የትምህርት ቤት ጥያቄ በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመለስኩ። ጨዋው ኃላፊ ተዛውረዋል። ደብዳቤዬን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አስወጣሁና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታሁ። መልስ አልመጣም። በዓመቱ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጬ ያንኑ ጥያቄ እንደገና አስገባሁ። አሁን የመዝገብ ቤት ቁጥር ያላቸው ሦስት ቅጂዎች በመሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ባለፈው መስከረም ስሄድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ገና ከበሩ ስታየኝ ሳቀችና፣ «የልጆቹ ጥያቄ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ማኅተሙን አነሣች።